ከድሬዳዋ ሆኖ የአፋርን እሳተ ገሞራ ማዳመጥ፦ በጆሮ የማይሰማውን ድምፅ መቅጃ ዝርዝር መመሪያ

ህዳር 14 ቀን 2018፣ እሁድ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎሜትር ሽቅብ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ህንድ ድረስ ተጓዘ። እኔ ያን ሰዓት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ወሬውን እንደ ሁሉም ሰው ከስልክ ነው የሰማሁት። ማታ ካርታ ከፍቼ ስለካው ከድሬዳዋ እስከ እሳተ ገሞራው በቀጥታ መስመር 450 ኪሎሜትር ገደማ ሆነ። ድምፅ ይህን መንገድ በ25 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ የዚያ ፍንዳታ ሞገድ በራሳችን ላይ አልፎ ሊሆን ይችላል። ማንም አልሰማውም፣ እኔ ጋም የሚቀዳ ነገር አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ነው መሣሪያውን መሥራት የጀመርኩት። ቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ መሣሪያው ቀላሉ ክፍል ነው። እጁ ለኤሌክትሮኒክስ የለመደ ሰው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። ጊዜ የሚበላው ነፋስን ማሸነፍ ነው፣ ከዚያ ደግሞ የቀዳችሁት ነገር በእርግጥ እሳተ ገሞራ መሆኑን ማጣራት። እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ድምፁ ምን ዓይነት ነው?

የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ በታች፣ ማለትም በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም። ይህ ድምፅ ኢንፍራሳውንድ ይባላል። ትልቅ ከበሮ ከትንሹ ይልቅ ወፍራም ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በመቶዎች ሜትር የሚለካ የእሳተ ገሞራ አፍ ጋዝ ሲተፋ የሚያወጣው ድምፅ ከጆሯችን አቅም በታች ይወርዳል። አብዛኛው ጉልበቱ ከግማሽ እስከ 10 ኸርዝ ድረስ ነው። ቀጭን ድምፅን አየሩ በመንገድ ይውጠዋል። ወፍራሙ ግን ብዙ ሳይዳከም መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች ኪሎሜትር ይሄዳል።

የኢንዶኔዥያው ክራካታው በ1883 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ የዓለም ባሮሜትሮች (የአየር ግፊት መለኪያዎች) ሞገዱን ደጋግመው መዝግበዋል። ጥር 7 ቀን 2014 ቶንጋ ውስጥ የፈነዳው እሳተ ገሞራ ሞገድ ደግሞ መሬትን ከአንድ ጊዜ በላይ ዞሯል፤ ሂሳቡን ስሠራው ወደኛ የደረሰው ከ14 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ናብሮ ነው። ሰኔ 2003 ኤርትራ ውስጥ ሲፈነዳ ጅቡቲና ኬንያ ያሉት የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች ቀድተውታል። ጣቢያዎቹ የተተከሉት ለእሳተ ገሞራ አልነበረም። የኑክሌር ሙከራን ለሚያግደው ስምምነት፣ በድብቅ የሚደረግ ፍንዳታን ለመያዝ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ እያለ ለምን ድምፅ? መንቀጥቀጡ የሚነግረን ቀልጦ ያለው ድንጋይ ከመሬት በታች መንቀሳቀሱን ነው። ድምፁ ደግሞ አፉ ተከፍቶ ወደ አየር መውጣቱን ይነግረናል። በ1998 መጀመሪያ ላይ አፋር ውስጥ በዳባሁ እሳተ ገሞራ በኩል መሬቱ 60 ኪሎሜትር ያህል ሲሰነጠቅ አብዛኛው ነገር ከታች ነው የቀረው፤ ወደ ላይ የወጣው ትንሽ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢም በ2017 ያን ሁሉ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው መንቀጥቀጥ ነው። ሳተላይት ደግሞ ደመና ሲሸፍነው ይቸገራል። ድምፅ ደመናም ጨለማም አያግደውም።

መጀመሪያ ካርታና እርሳስ

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ከምትኖሩበት ቦታ እስከ እሳተ ገሞራዎቹ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ አስሉ። ከድሬዳዋ የሠራሁትን ልስጣችሁ። ሃይሊ ጉቢ 450 ኪሎሜትር፣ ኤርታ አሌ 460 ገደማ፤ ሁለቱም ወደ ሰሜን ናቸው፣ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ 16 ዲግሪ ያህል ያዘነብላሉ። ፈንታሌ 220 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ምዕራብ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ ያጋድላል።

አሁን ጊዜውን አስሉ። ርቀቱን በ340 ሜትር በሰከንድ አካፍሎ መተው ስህተት ነው። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ መሬት ለመሬት አይጓዝም። ወደ ላይ ይወጣል፣ ከ40 እስከ 50 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሞቅ ያለ አየርና ነፋስ አጉብጦ ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ እዚያ ካልተመለሰ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ወጥቶ ይመለሳል። መንገዱ ስለሚረዝም በካርታው ርቀት ሲሰላ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፦ ከታችኛው ሲመለስ 300 ሜትር በሰከንድ አካባቢ፣ ከላይኛው ሲመለስ 230 አካባቢ። ስለዚህ ለሃይሊ ጉቢ ከ22 እስከ 35 ደቂቃ ያለውን ጊዜ ሁሉ መፈለግ አለባችሁ። ለፈንታሌ 11 ደቂቃ ላይ ጀምሩ።

ይህ መጉበጥ ሌላም መዘዝ አለው። ድምፁ ተነስቶ እስኪመለስ ድረስ በመሃል የሚዘለው ቦታ አለ፤ ቅርብ ያለ ሰው ሳይሰማ ራቅ ያለው ሊሰማ ይችላል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ነው የሚነፍሰው። ከአፋር ወደኛ ያለው መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነ ነፋሱ ብዙም አያግዘንም። ትልቅ ፍንዳታ ተከስቶ እናንተ ጋ ምንም የማይታይበት ቀን ይኖራል። ያኔ መሣሪያውን አትፍቱት።

መሣሪያው

ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደምንፈልግ ይግባችሁ። ግፊት የሚለካው በፓስካል ነው፤ የድሬዳዋ የአየር ግፊት 88,000 ፓስካል አካባቢ ነው። ከ450 ኪሎሜትር የሚመጣ ሞገድ ደግሞ ከአንድ ፓስካል በታች፣ ምናልባትም ከ0.1 በታች ነው። ተራ የአየር ግፊት መለኪያ ለዚህ አይበቃም። የሚያስፈልገው የሁለት አፎችን የግፊት ልዩነት የሚለካ ሴንሰር ነው፤ መጠኑ ፕላስና ማይነስ 125 ፓስካል ወይም ከዚያ ያነሰ። በ16 ቢት የሚያወጣ ከሆነ የ0.004 ፓስካል ለውጥ ይለያል። ስትመርጡ ውስጡ በግፊት የሚታጠፍ ስስ ሽፋን ያለውን ዓይነት ያዙ። አየር በውስጡ እያሳለፈ የሚለካም አለ፤ በዚያ ከሠራችሁ ቀጥሎ ያለው የጠርሙስ ሂሳብ አይሠራም።

በገንዘብ የሚችል ሰው ራስበሪ ቡም የሚባለውን የተዘጋጀ መሣሪያ ማስመጣት ይችላል። መሞከር ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ባሮሜትር ያለው ስልክ ላይ ሬድቮክስ የሚባለውን አፕ ይጫን፤ ለቅርብ ነገር ጥሩ ነው፣ ለአፋር ግን አቅሙ አነስተኛ ነው።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የላስቲክ ክዳን ያለው የመድኃኒት ጠርሙስ ፈልጉ። መስታወት ይሁን። የውሃ ፕላስቲክ ግፊት ሲለወጥ እሱም ጎደል ሞላ ስለሚል አይሆንም። በክዳኑ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አሳልፉና ከሴንሰሩ አንድ አፍ ጋር አገናኙት። ከቱቦው አጠገብ ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ ባለ 27 ቁጥር አጭር መርፌ ውጉበት፣ የውጪው ጫፍ ለአየር ክፍት ይሁን። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑ። የሴንሰሩ ሁለተኛ አፍ ወደ ውጭው አየር ይሄዳል። ሴንሰሩ የሚለካውን ቁጥር አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እያነበበ ይመዝግብ።

መርፌው ለምንድን ነው? የአየር ጠባይ ቀስ እያለ ግፊትን በመቶዎች ፓስካል ይለውጣል። ጠርሙሱ ጥርቅም ብሎ ቢዘጋ ሴንሰሩ በዚያ ብቻ ይሞላና ዋናውን አያይም። በቀጭኑ መርፌ በኩል አየር ቀስ ብሎ ስለሚገባና ስለሚወጣ ዝግ ያለው ለውጥ ይስተካከላል፣ ፈጣኑ ይቀራል። በዚህ ጠርሙስና በዚህ መርፌ ማስተካከያው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ይወስዳል፤ ከ0.03 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይታያል ማለት ነው።

ሙቀትን አትናቁ፣ በተለይ ድሬ ላይ። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አየር አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ግፊቱ ወደ 290 ፓስካል ይጨምራል። ከምንፈልገው ሞገድ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል! መርፌው ያስተነፍሰዋል፣ ግን ደመና ፀሐይን ጋርዶ ሲለቃት የሚፈጠረውን ፈጣን ለውጥ ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ ጠርሙሱንና ሴንሰሩን ወፍራም ፎም ሳጥን ውስጥ አስገቡ፣ ሳጥኑን ጥላ ሥር በግማሽ ቅበሩት። እኔ መጀመሪያ ጣሪያ ሥር ባለ ቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጬው ነበር፤ ሳምንት ሙሉ የቀዳሁት የቆርቆሮውን ሙቀት ነው።

ነፋስ

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ለጆሮ የማይታወቅ ለስላሳ ነፋስ እንኳ ሴንሰሩ ላይ ከምንፈልገው ሞገድ የሚበልጥ ግፊት ይፈጥራል። ደግሞ በትክክል እኛ በምንፈልገው ድግግሞሽ ላይ ነው የሚረብሸው። በማጉላትም በማጣራትም አይለቅም።

የሚያድነን አንድ የተፈጥሮ ልዩነት ነው። የነፋስ ሽክርክሪት ትንሽ ነው፤ እዚህና ሁለት እርምጃ ወዲያ ያለው ግፊት አይመሳሰልም። የእሳተ ገሞራው ሞገድ ግን ሰፊ ነው፤ በ1 ኸርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ 350 ሜትር ይደርሳል፣ ግቢያችሁን በሙሉ በአንዴ ነው የሚጫነው። ስለዚህ ግፊቱን ከብዙ ቦታ ሰብስባችሁ ብታዋህዱት ነፋሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሞገዱ ይደመራል። አራት ቀዳዳ የነፋሱን ጫጫታ በግማሽ ይቀንሳል፣ አስራ ስድስት ቀዳዳ ወደ ሩብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 16 ሚሊሜትር የሆነውን ጥቁር የመስኖ ቱቦ ግዙ፣ 20 ሜትር ይበቃል። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛውን ስስ ላስቲክ ሳይሆን ክብነቱን የሚይዘውን ነው የምላችሁ። አራት ቦታ ባለ አምስት አምስት ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። በየ30 ሳንቲሜትሩ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። የአራቱንም ጫፍ ድፈኑና ሌላኛውን ጫፍ መሃል ላይ አገናኝታችሁ ወደ ሴንሰሩ ሁለተኛ አፍ አስገቡ። መሬት ላይ እንደ መስቀል ተዘርግቶ ይቀመጥ። ቀዳዳዎቹን ወደ ጎን አዙሯቸው፤ ወደ ታች ካዞራችሁ ጭቃ፣ ወደ ላይ ካዞራችሁ ዝናብ ይገባባቸዋል። ከዚያ ጠጠር አልብሱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ ንፉት፤ አንዲት ጠብታ ውሃ አንዱን ክንድ ሙሉ ትዘጋለች፣ ጉንዳንም እንደዚሁ።

ቦታ ስትመርጡ ከጣሪያ ራቁ። ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ እዚህ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሚፈለገው ዝቅ ያለ፣ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ አጥር ያለው ጥግ ነው። የከዚራ ሰዎች በዛፎቻችሁ ታድላችኋል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ግን አትሞክሩት፣ ነፋሱም ጎርፉም አያስተኛችሁም። የሐረር ጁገል ግቢዎች ደግሞ ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ፦ ረጃጅም የድንጋይ አጥር፣ ጠባብ መንገድ፣ መኪና የማይገባበት ሰፈር።

ሰዓትም ምረጡ። ቀን ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይገለባበጣል፣ ቅጂው ሁሉ ጢስ የመሰለ ይሆናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው።

ፍተሻ

የመስኖ ቱቦውን ሳትገጥሙ መሣሪያውን ከነጠርሙሱ ያዙና ከመሬት ፈጠን ብላችሁ አንድ ሜትር አንሱት። በድሬዳዋ አየር ግፊቱ በአንድ ሜትር 10 ፓስካል ይቀንሳል። ማሳያው 10 አካባቢ ዘሎ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሲሶው መውረድ አለበት። ወዲያው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ከቆየ መርፌው ተደፍኗል። ለዚህ ምንም ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፣ በጣም የምወደው ፍተሻ ነው።

ከዚያ ቤት ገብታችሁ በሩን በኃይል ዝጉት። ጥርት ያለ ምት ታያላችሁ።

ሦስተኛው ፍተሻ የመስኖ ቱቦው ከተገጠመ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ውቅያኖስ ላይ ሞገዶች እርስ በርስ ሲጋጩ በ0.2 ኸርዝ፣ ማለትም በየ5 ሰከንዱ የሚመላለስ ስስ እንጉርጉሮ ያወጣሉ። መላው ዓለም ላይ ይደርሳል። ይህን ካያችሁ መሣሪያችሁ ከ0.1 ፓስካል በታች ይሰማል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሌሊት ከስክሪኑ መነሳት አቃተኝ። ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጬ ባሕር እየሰማሁ ነበር።

ሦስት ነጥብ፣ አንድ ሰዓት

አንድ ሴንሰር አቅጣጫ አያውቅም። ከሰሜን የመጣ እሳተ ገሞራና ከሲሚንቶ ድንጋይ ማውጫ የመጣ ድማሚት ለሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ያስፈልጋሉ፣ 100 ሜትር ያህል ተራርቀው፣ በሦስት ማዕዘን። ሁለት ጎረቤቶች ማሳመን ይኖርባችኋል። ምን እንደሆነ በደንብ አስረዷቸው፤ ድምፅ መቅጃ ስትሉ ወሬያቸው የሚቀዳ እንዳይመስላቸው፣ የሰው ንግግር ከዚህ መሣሪያ አቅም በላይ መሆኑን ንገሯቸው።

ሦስቱም በአንድ ሰዓት መሄድ አለባቸው። ለእያንዳንዱ ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁል ግጠሙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የኢንተርኔት ሰዓት ያዛባችኋል። በሰከንድ 100 ጊዜ ቅዱ። በቀን ለአንድ ሴንሰር 35 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ በባትሪ ይደገፍ።

አሁን ሂሳቡ። አንዱ ሴንሰር መሃል ይሁን፣ ሁለተኛው ከሱ 100 ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሦስተኛው 100 ሜትር ወደ ምዕራብ። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ይሄዳል። ከሃይሊ ጉቢ የመጣ ሞገድ ሰሜኑን ከመሃሉ በ0.27 ሰከንድ ቀድሞ ይነካዋል፣ ምዕራቡን በ0.08 ሰከንድ ብቻ። ከፈንታሌ ከመጣ ይገለበጣል፦ ምዕራቡ በ0.27 ይቀድማል፣ ሰሜኑ እንዲያውም ከመሃሉ በ0.09 ይዘገያል። ከመሃሉ ጋር ሲነጻጸር ከ0.29 ሰከንድ የበለጠ ልዩነት ካያችሁ ያ ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይደለም፤ ነፋስ ነው ወይም ሰዓታችሁ ተዛብቷል።

ቅጂውን ማንበብ

ኮምፒውተር ላይ ፓይተንና ኦብስፓይ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ከ0.5 እስከ 5 ኸርዝ ያለውን ብቻ አስቀሩና ሦስቱን መስመር ጎን ለጎን ተመልከቱ። የሁለት ሴንሰሮችን መስመር አንዱን በሌላው ላይ እያንሸራተታችሁ ከሁሉ በላይ የሚገጥምበትን ፈልጉ፤ ያ መንሸራተት የጊዜ ልዩነቱ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል። 100 ሜትር ርቀት ከ1.7 ኸርዝ በላይ ለሆነ ድምፅ ሊያሳስት ስለሚችል አቅጣጫ ስታወጡ ከዚያ በታች ባለው ተማመኑ።

የከተማውን ድምፆች ለሁለት ሦስት ሳምንት ተማሩ። ወፍጮና ጄኔሬተር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ባቡርና አውሮፕላን አቅጣጫቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይዞራል። መብረቅ ከየቦታው ይመጣል። ድማሚት አንድ ምት ነው፣ በሥራ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ። እሳተ ገሞራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል፣ ከአንድ አቅጣጫ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት። አንዲት ምት ብቻ ካያችሁ ጠርጥሩ።

አቅጣጫው ወደ አፋር ከሆነ፣ ከቀጠለም፣ ገና አትለጥፉት። ጊዜውን ወደ ኋላ ቁጠሩና የተነሳበትን ሰዓት ገምቱ። የቱሉዝ የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከል ለአውሮፕላኖች ያወጣው ማስጠንቀቂያ እንዳለ እዩ፤ የኛን አካባቢ የሚከታተለው እሱ ነው። የሳተላይት የሰልፈር ጋዝ ካርታም እዩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ምን እንዳለ ተመልከቱ። ይህን ሁሉ የምለው በ2017 የወሬ ጊዜ ሰው ልጆቹን ይዞ በሌሊት ከቤት ሲወጣ ስላየሁ ነው። በከተማችን ስንት ሰው አፋር ውስጥ ዘመድ አለው። የተሳሳተች አንዲት ጽሑፍ እነሱን ታስጨንቃለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ሌላ ጆሮ ነው። ሐረር ከሃይሊ ጉቢ ከድሬዳዋ ይልቅ 40 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ድሬ ላይ ያየሁት ሞገድ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በኋላ ሐረር ላይ ከታየ፣ የሰፈሬ ባጃጅም የሰፈሬ ነፋስም አይደለም። የኔ ሦስቱ ሴንሰሮች ሳቢያን ላይ እየሠሩ ናቸው። የጎደለኝ የሐረሩ ነው። ጁገል ውስጥ ፀጥ ያለ ግቢ ያላችሁ፣ ጠርሙሱንና መርፌውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ከናንተ የምፈልገው አስር ሜትር በአስር ሜትር መሬትና አንድ ሶኬት ነው።